ሦስት ደቂቃ ስለ ፈንታ

ንጹሕ ሰው ድንጋይ የሚሸከመው ለምንድን ነው?

ዐቃቤ ሕጉ ይህን ጥያቄ ችሎቱ መካከል ጥሎት ተቀመጠ። ብሌን ከተመልካቾች አግዳሚ ላይ ሆና መልስ ፈለገች፤ አላገኘችም። ከሁሉ ያናደዳት ጥያቄው የእሷም መሆኑ ነበር። ሆላንድ ድረስ ሄዳ ሕግ ተምራ መጥታለች። ዲግሪዋ ገና ተመዝኖ ስላልጸደቀ ግን ጥብቅና መቆም አትችልም። ሞላሌ ከተማ፣ እናቷ ቤት ተቀምጣ "መመለሴ ልክ ነበር?" እያለች ከራሷ ጋር ትሟገታለች። ተከሳሹ ፈንታ የአክስቷ የጌታነሽ ባል ነው። ልጅ ሳለች በፈረስ አፈናጥጦ የጓሳን የሣር ምድር ከዳር እስከ ዳር ያሳያት እሱ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ጓሳ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ፣ የሚከፈትበት ቀን እስኪደርስ ማጭድም ከብትም እንዳይገባበት ሕዝቡ ራሱ ጠባቂ ይመርጣል። በዚያ ዙር ከተመረጡት አንዱ ፈንታ ነበር። መኳንንት የሚባል የማዶ ቀበሌ ሰው በጎቹን ወደ ተከለከለው ሣር ሲነዳ ፈንታ ያዘበት። በማግስቱ ሞላሌ ገበያ ላይ ተገናኙና በሰው ፊት ተሰዳደቡ። መኳንንት "የሣር ሎሌ!" አለው። ፈንታም ደሙ ፈልቶ "ገደል ግባ!" አለው።

ማንም ሰው በቀን ስንት ጊዜ የሚለው ቃል ነው። እናት ልጇን ትለዋለች፤ አራሽ በሬውን ይለዋል። መኳንንት ግን በዚያው ምሽት ወደ ቤቱ ሲመለስ ገደል ገባ። የሰኔ ጉም ምድሩን ሸፍኖት ነበር። በቅሎው አፋፉ ላይ ቆማ፣ እሱ ከታች ከድንጋዩ ላይ ተገኘ። ያየ ሰው የለም።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ፈንታ ነጠላውን አሸርጦ፣ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ካህንና ሽማግሌ አስከትሎ ከሟች ደጅ ተንበረከከ። "ስለ እመብርሃን፣ ማሩኝ" አለ። የሟች ታናሽ ወንድም ታዲዮስ ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደለትና "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለው። ሁለቱም አለቀሱ። ሳምንት ሳይሞላ ፖሊስ መጥቶ ፈንታን ወሰደው። ክሱ ሰው መግደል ነው። ማስረጃው ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ፤ አንዱ ገበያ ላይ የተሰማው እርግማን፣ ሁለተኛው ድንጋዩ።

ብሌን ከችሎቱ ወጥታ ወደ ማረሚያ ቤቱ ሄደች። ፈንታ ከአጥሩ ወዲያ ቁጢጥ ብሎ ጠበቃት። ከሣሩ ከራቀ ወዲህ ፊቱ ጠቁሯል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ካልገደሉት ድንጋዩን ለምን ተሸከሙ?"

"እናንተ ዘንድ ሰው ሰድባችሁት ሳትታረቁ ቢሞትባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?"

"እኛ ዘንድ የት ነው?"

"ያ የተማርሽበት አገር ነዋ።"

ብሌን አሰበች። "እንጃ። አበባ ይላካል መሰለኝ።"

"አበባ!" ፈንታ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "የዚህ አገር ሬሳ አበባ ቢልኩለት ከነመቃብሩ ተነሥቶ ይጣላል።" ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "ገደል ግባ አልሁት፤ ገባ። በእጄ አልገፋሁትም። ግን ቃሌ ቀድሞኝ ሄዷል። የንስሐ አባቴ አባ ቴዎፍሎስ፣ 'ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሳትታረቀው ሥጋ ወደሙን አላቀብልህም' አሉኝ። ሙት አፍ የለው፣ እንዴት ይማረኛል? ወንድሙ ዘንድ ሄድሁ። ድንጋዩ የስድቡ ነው፣ ልጄ።"

"የነፍሱስ ቢሆን?"

"የነፍስ ቢሆንማ እኔ በዚያ ደጅ በእግሬ ልቆም ነው? ነፍስ ያጠፋ ሰው መጀመሪያ ከአገር ይርቃል። ሽማግሌ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ካሣ አለ፣ ስንት ነገር አለ። በቀብሩ ሳምንት ዘው ተብሎ የሚኬድበት አይደለም። ይኼን ታዲዮስም ያውቀዋል፤ ጠይቂው።"

ጠየቀችው። ታዲዮስ በሞላሌ ገበያ ባና ይሸጣል። ያንን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ በትከሻው ላይ ደራርቦ ገዢ ሲጠብቅ አገኘችው።

"የመኳንንት ወንድም ለፈንታ እማኝ ሆነ ሊባል ነው?" አለ፤ ዓይኑን ከባናው ላይ ሳያነሣ።

"እውነቱን ይበሉ ነው የምልዎ። ድንጋዩን ያወረዱት ለምን ነበር?"

"ለስድቡ ነዋ! ወንድሜን ገድሎ ቢመጣ በድንጋዩ ራሱን እፈነክተው ነበር እንጂ አወርድለታለሁ?" ባናውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረው። "እናቴ 'ወንድምህን ሸጥኸው' ትለኛለች። የሆነው ሆኖ እቀርባለሁ። ያወረድሁትን አውቃለሁ። እውነት ለመናገር ግን አንድ አንድ ሌሊት እጠራጠራለሁ። ጉም ነው፣ ማን አየ?"

"ቢጠራጠሩም ያወረዱት ለስድቡ ነው።"

"ለስድቡ ነው። እሱን እላለሁ።"

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ብሌን ግን እረፍት የሌላት ሰው ናት። አንድ ታዲዮስ ለአንድ ፈንታ ቢመሰክር ነገ ሌላው ድንጋይ ተሸካሚ ምን ይሆናል? ሰው ለዕርቅ የተናገረው፣ ለዕርቅ የተንበረከከው በችሎት እንደ እምነት ቃል ሊቆጠርበት አይገባም፤ ይህ በሕግ ሊጻፍ ይገባዋል። ሕግ የሚጻፈው ደግሞ በምክር ቤት ነው። የአካባቢው ተወካይ አቶ ወንዳፈራሁ ለዕረፍት መጥተው ሞላሌ አዳራሽ ሕዝብ ያነጋግሩ ነበርና ወደሳቸው ሄደች።

አቶ ወንዳፈራሁ የቀድሞ መምህር ናቸው፤ ግማሹን ሞላሌ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። በምክር ቤቱ የሚቀመጡት ከኋላው ረድፍ ነው፤ ካሜራው እምብዛም አያገኛቸውም። ተራ ሲደርሳቸው ግን ይናገራሉ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወሰድ መንገድ ላይ እንደምትሞት፣ ፋይሉ የጠፋበት እስረኛ ለማን እንደሚጮህ፣ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዴት እንደሚያድር ተናግረዋል። "ወንዳፈራሁ አይዋሽም" ይላል ሕዝቡ፤ ብዙውን ጊዜም እውነቱን ነው። ብሌን በልቧ "ተናገሩ፣ ታዲያ ምን ተለወጠ?" ትል ነበር። ቢሆንም ሄደች።

ሲሰሟት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ድንጋይ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ቀና አሉ።

"ድንጋይ? በማጅራቱ? በዚህ ዘመን?"

"አዎ። ግን ጋሼ፣ ለስድቡ ነው እንጂ ለግድያው አይደለም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።"

"ገባኝ፣ ገባኝ። ይገርማል! እኛ እኮ ሰው ያልገባው ሀብት ነው ያለን።" ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "የሟች ወንድም በእጁ አወረደለት ነው ያልሽኝ?"

"አወረደለት። ጋሼ፣ ለስድቡ ነው እኮ፤ ግድያ አላመነም። ይኼንን አይርሱብኝ።"

"አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ እኔን ቃል ታስጠኚኛለሽ?" ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ዙሪያቸውን የከበቡት ሰዎች ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች።

የፍትሕ ሪፖርት በምክር ቤት የሚቀርብበት ቀን ከገበያ ቀን ጋር ገጠመ። በሞላሌ የእትዬ አስካለ ማርያም ምግብ ቤት ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ጢም ብሎ ሞልቷል። ብሌን ከአክስቷ ከጌታነሽ ጋር ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ታዲዮስም ባናውን ከግድግዳው ሥር ቆልሎ እዚያው አለ።

"ኳሱን አምጡልን እንጂ!" አለ ወዳጆ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር።

"ዝም በል፣ የኛ ሰው ሊናገር ነው" አሉት እትዬ አስካለ ማርያም።

"የኛ ሰው ከኋላ አይደል የሚቀመጡት? ካሜራው እሳቸው ዘንድ እስኪደርስ እኔ አንድ የበግ እግር እጨርሳለሁ።"

"መቼ የበግ እግር ገዝተህ ታውቃለህና! ሽሮህን ብላ።"

ቤቱ ሳቀ። በዚያው መካከል አቶ ወንዳፈራሁ በግራጫ ሱፋቸው ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉና ጸጥ አለ። ሦስት ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል።

"የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ" ብለው ጀመሩ። ቀጠሮ ስለሚረዝምባቸው እስረኞች ተናገሩ፤ ጥሩ ተናገሩ። ጠበቃ ስለሌለው ድኻ ተናገሩ፤ ጌታነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ሕዝባችን ከኛ የቀደመ ፍትሕ አለው! በመረጠኝ ሕዝብ መካከል ፈንታ የሚባል አንድ አርሶ አደር አለ። የሰው ነፍስ አለፈበት። ይህ ሰው አልሸሸም፣ አልካደም! ፖሊስ ሳይደርስበት፣ ምስክር ሳይቆጠርበት፣ ጥፋቱን በገዛ አንደበቱ አምኖ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ቤተሰብ እግር ሥር ወደቀ። የሟች ወንድምም ድንጋዩን አውርዶ ይቅር አለው። እንዲህ ያለውን ጨዋ ሰው ነው እኛ ዛሬ እስር ቤት ያስቀመጥነው! ለባህላዊ ዕርቅ ዕውቅና የምንሰጠው መቼ ነው?"

ምክር ቤቱ አጨበጨበ። ምግብ ቤቱም አጨበጨበ። "ጎሽ! የኛ አንበሳ!" ተባለ። ወዳጆ ጠረጴዛውን ደበደበ። ብሌን ብቻ በድን ሆና ቀረች፤ ጌታነሽ እጇን ጨምቃ "ምን አሉ? አምኖ ነው ያሉት?" ትላታለች።

ጭብጨባው ከግድግዳው ሥር ጀምሮ ቀስ በቀስ ጠፋ። ታዲዮስ ቆሞ ነበር።

"አምኗል?" አለ።

ሰዎቹ ወደ እሱ ዞሩ።

"ለኔ ስለ ስድቡ አለኝ። ለፓርላማ አመነ?" ወደ ብሌን ዞረ። "ለወንዳፈራሁ የነገርሽ አንቺ ነሽ። አዳራሹ በር ላይ ስትነግሪያቸው አይቻለሁ። አንቺ ካልነገርሻቸው ከየት አመጡት?"

"እንደዚያ አላልኋቸውም! ለስድቡ ነው ብዬ፣ ደግሜ ደጋግሜ..."

"ወንዳፈራሁ ዋሽተው ነው?"

ቤቱ ሁሉ አፏን ያያል። ዋሽተዋል ብትል የሚያምናት የለም፤ እሳቸው ያስተማሯቸው ሰዎች ናቸው የተቀመጡት። አልዋሹም ብትል ፈንታ ገድሏል።

"ተሳስተዋል" አለች።

"ተሳስተዋል!" ታዲዮስ ባናውን እየለቀመ ወደ ትከሻው ወረወረው። "ያንን ድንጋይ እኔ በዚህ እጄ ነው ያወረድሁት። ለገዳዩ ነው ለካ! እናቴ እውነቷን ነው።" ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ ወጣ።

ጌታነሽ እቤት ደርሰው በሩን እንደዘጋች ጮኸች። "አፍ ሁኚልን አልሁሽ እንጂ አፍ ክፈቺብን አልሁሽ? አንድ ምስክር ነበረን! አንድ!"

ብሌን ስልክ ደወለች። አቶ ወንዳፈራሁ ወዲያው አነሡ፤ ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

"አየሽኝ? ስልኬ ጭስ ሆኗል! ከጎጃም ሳይቀር ይደውሉልኛል።"

"ጋሼ፣ አምኗል አሉ። ሰውየው አላመነም።"

"እ?"

"ግድያ አላመነም። ስድብ ነው ያመነው። የሟች ወንድም ሰምቶ ምስክርነቱን ሊተው ነው። እባክዎ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ያርሙት።"

"ልጄ፣ እዚያ ቤት ለኋላ ወንበር ተራ የሚደርሰው ስንት ወር ቆይቶ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያቺንም ያገኘኋት ለምኜ ነው። ተነሥቼ 'ያን ጊዜ የተናገርሁት ስሕተት ነው' ብል ነገ ማን ይሰማኛል? ያ ንግግር እኮ ነገሩን አንሥቶታል። ለባህል ዕርቅ ረቂቅ ይዘጋጅ እየተባለ ነው። ለአንድ ፈንታ ብዬ ለሺህ ፈንታ የሚሆነውን ላፍርሰው?"

"ሺው ፈንታ የት አለ፣ ጋሼ? እኔ የማውቀው አንዱን ነው። እሱ ታስሯል።"

"ቆጣ አትበይ። እናየዋለን።"

"መቼ?"

"እናየዋለን አልሁሽ እኮ" አሉና ስልኩን ዘጉ።

ብሌን ስልኩን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሆላንድ እያለች አንድ ሰው "የሕዝብሽ ችግር ምንድን ነው?" ቢላት "የሚናገርለት ማጣቱ" ትል ነበር። ተናጋሪስ ይኸው ተገኘ! የፈንታን ስም ጠራ፣ ድንጋዩን ጠራ፣ እንባውን አፈሰሰ፣ ጭብጨባውን ተቀበለ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የጎደለችው ሰውየው ራሱ የተናገራት አንዲት ቃል ናት። እሷ ደግሞ ለንግግሩ አትመችም። ያልገደለ ሰው ለአንድ እርግማን ብሎ ተንበረከከ ቢባል ማን ያጨበጭባል? ገዳይ ሆኖ ቢንበረከክ ያምራል። እና ገዳይ አደረጉት። ክፋት ቢሆን ኖሮ ትጣላው ነበር። ይህን ምን ብላ ትጣላዋለች?

የመከላከያ ምስክር በሚሰማበት ቀን ታዲዮስ ቀረበ። ያልቀረበ እንደሆነ በፖሊስ እንደሚወሰድ ስለተነገረው እንጂ ፈልጎ አልነበረም። መንግሥት ያቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ጠየቀው።

"ተከሳሹ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣው ለስድቡ ነው ወይስ ለግድያው?"

"ያን ጊዜ ለስድቡ መስሎኝ ነበር።"

"አሁንስ?"

ታዲዮስ ወደ ፈንታ አየ። ፈንታም ዓይኑን አልሰበረም፤ እንደ ወንድም አየው።

"አሁን እንጃ። እኛን የወከለ ሰው በመንግሥት ፊት 'አምኗል' ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያንን ሰው ዋሾ የምለው እኔ ማን ነኝ?"

ዐቃቤ ሕጉ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም። "ጥያቄ የለኝም" አለ። ፈንታ ለመናገር እጁን ሲያነሣ ዳኛው "ተራህን ጠብቅ" አሉት። ተራው ሲደርስ የተናገረው አንድ ነገር ነው። "ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ሰደብሁ። ለዚያች ስድብ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። ለሌላው የምሸከመው የለኝም።" ጸሐፊዋ ጻፈችው። ዳኛው፣ ተጨማሪ ማስረጃ ካለ እስከ መጪው ሐሙስ ጠዋት ይቅረብ፣ በዚያው ቀን ፍርድ ይሰጣል ብለው ችሎቱን ዘጉ።

ብሌን አባ ቴዎፍሎስን ሄዳ ለመነቻቸው። "የንስሐ ልጄን ምስጢር ችሎት ላይ አወጣ ዘንድ አልተፈቀደልኝም፣ ልጄ" አሉ፤ መስቀሉን እንደጨበጡ። ፈንታ ራሱ ይፍቀድልዎ አለቻቸው። "እሱም ቢፈቅድ አልችልም" አሉ። አልተቆጣቻቸውም። እሳቸው ቢያንስ የማይችሉትን አልችልም ብለዋል።

ለአቶ ወንዳፈራሁ ደጋግማ ደወለች። አልተነሣም። ማክሰኞ ማታ፣ ኔትወርኩ መለስ ሲል፣ የእናቷ ቤት ደጅ ላይ ቆማ በቴሌግራም ጻፈችላቸው።

"ጋሼ ወንዳፈራሁ፣ ብሌን ነኝ። ፍርዱ ሐሙስ ነው። በምክር ቤት ይታረም ማለቱን ትቼዋለሁ፤ ንግግርዎም ይቆይልዎ። ለዳኛው ግን አንድ መስመር ይጻፉልኝ፤ 'ፈንታ ግድያ አምኗል ያልሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አላመነም፤ ብሌን የነገረችኝም እንዲያ ብላ አልነበረም' ይበሉና ይፈርሙበት። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚጽፉ ከሆነ ነገ አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ ከእጅዎ እወስዳለሁ። የማይጽፉ ከሆነም አልጽፍም ይበሉኝ፤ ለአክስቴ የምነግራት ነገር ይኑረኝ።"

መልእክቱ ወዲያው መነበቡን ስልኩ አሳያት። "በመጻፍ ላይ" የሚል ምልክት ብቅ አለ፤ ጠፋ፤ ደግሞ ብቅ አለ፤ ጠፋ።

ሐሙስ ፈንታ ጥፋተኛ ተባለ። በዚያው ሰሞን አቶ ወንዳፈራሁ ስለ አረጋውያን መጦሪያ ሲናገሩ በቴሌቪዥን ታዩ፤ በጣም ጥሩ ተናገሩ ተባለ። ለብሌን ግን አንድ ቃል እንኳ አልመለሱላትም።